በዳባት በኩል፣ ሳይከፈት

ደባርቅ ውስጥ ሥራዬን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ሰላምታውን የሚጀምረው በክስ ነው። «ምነው አንቺ፣ ኔትወርክ የለም እኮ!» ይለኛል፤ ባጃጅ ስሳፈርም፣ በርበሬ ስገዛም፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ነጠላዬን ሳስተካክልም። የስልኩ ባትሪ ቢያልቅ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ የልጁ ቪዲዮ ቢቆራረጥም የእኔ ነው። እኔ ደግሞ ትዕግሥት ከታደሉት ወገን አይደለሁም። አንዲት ጎረቤቴን አንድ ቀን «እኔ የመሥሪያ ቤቶችን መስመር ነው የምጠብቀው፣ የሰማዩን አይደለም» ብያት እስከ ዛሬ ታኮርፈኛለች።

ሥራዬን ግን እወደዋለሁ። ከሁሉም አብልጬ የምወደው እኛ ባለሙያዎቹ «ሌብል» የምንለውን፣ በአማርኛ መለያ ቢባል የሚስማማውን አሠራር ነው። በመስመር ላይ የሚሄድ ነገር ሁሉ፣ ደብዳቤም ይሁን ፎቶ፣ ተቆራርሶ ነው የሚሄደው። እያንዳንዱ ቁራጭ ፓኬት ይባላል፤ የላኪውንና የተቀባዩን ሙሉ አድራሻ ተሸክሞ ይነሣል። በተለመደው መንገድ ቢሄድ በየጣቢያው ያለው፣ ራውተር የሚባለው አስተላላፊ መሣሪያ አድራሻውን ያነብለትና ወዴት እንደሚልከው እንደ አዲስ ይወስናል። በመለያ ሲሄድ ግን አድራሻውን አንብቦ የሚወስነው የመጀመሪያው ብቻ ነው። እሱ ከላይ አንዲት ቁጥር ያደርግበታል፤ መሀል ያሉት ቁጥሯን ብቻ አይተው ያሳልፉታል። ይህን መጀመሪያ የተማርኩ ቀን ክፍል ውስጥ ሁሉም ማስታወሻ ሲጽፍ እኔ ብቻዬን ፈገግ ብዬ ተቀምጬ ነበር። እንዲህ ያለ ብልህ ነገር የሰው ጭንቅላት ማሰቡ አሁንም ይደንቀኛል።

አባቴ በቅሎ ጫኝ ነው። ከደባርቅ ተነሥቶ፣ ሳንቃ በርን አልፎ፣ እስከ አምባራስ ድረስ ተራራ ሊያዩ የሚመጡ እንግዶችን ድንኳንና ስንቅ ያደርሳል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነገር የማያልፍ ሰው ነው፤ የእኔን ጠባይ ያዩ ሰዎች ከማን እንደወረስኩት አይጠይቁም። በቅሎውን እስከ ልኳ ጭኖ ከደባርቅ ወጥቶ አያውቅም። ሌሎቹ ጫኞች ሙሉ ሲጭኑ እሱ ሁልጊዜ ጎደል ያደርጋል። ምክንያቱ አደራ ነው። በመንገዱ የማያስቆመው ሰው የለም፤ አንዷ ለእኅቷ ሻሽ፣ አንዱ ለአማቱ መድኃኒት፣ ሌላው የተጠገነ ማረሻ ይዞ ይወጣና «አደራ፣ ስታልፍ ስጥልኝ» ይላል። አደራ ደግሞ እምቢ አይባልም። ሙሉ ጭኖ የወጣ ሰው ገደሉ አፋፍ ላይ ካለው ጠባብ ማለፊያ ሲደርስ የተጨመረው አደራ ጭነቱን ያሰፋውና ከድንጋዩ ጋር ያጋጨዋል፤ በቅሎዋም ንቅንቅ አልልም ትላለች። አባቴ በዚህ ጥንቃቄው ይኮራል። እናቴ ግን «ስንፍናህን አደራ አልከው» እያለች ትስቅበታለች።

እናቴ የዳባት ልጅ ናት። ለጋብቻ ስትጠየቅ ወንድሞቿ «ገደል ለገደል ለሚዞር ሰው እኅታችንን አንሰጥም፤ ነገ እግሩን ሰብሮ ይተኛባታል» ብለው ነበር ይባላል። በመጨረሻ ሰጡ። አባቴ ግን ንግግሩን አልረሳላቸውም፤ ዳባት በሄደ ቁጥር በአማቾቹ ፊት ሆን ብሎ ፈጠን ፈጠን እያለ ይራመዳል። እኛ ልጆቹ ከኋላው እየሮጥን እንስቅ ነበር።

እንግዲህ አንድ ሰሞን እናቴ ለወንድሟ ልጅ ክርስትና ዳባት ወርዳ ነበር። አባቴ ሥራ ላይ ነበር። ከሳንቃ በር ትንሽ ዝቅ ብሎ ከላይ ድንጋይ ሲንከባለል በቅሎዋ ደንብራ ገፋችውና ከእርከን እርከን እየተላጋ ወረደ። የሥራ ጓደኞቹ ተሸክመው ወደ መኪናው መንገድ አወጡት። ወጌሻ ዘንድ እንውሰደው፣ አንውሰደው እያሉ ሲከራከሩ አንድ መኪና ደረሰላቸውና ደባርቅ ሆስፒታል አመጡት። እኔ ስልክ ተደውሎልኝ ስደርስ ቀትር አልፏል።

አባቴ አልጋው ላይ በጀርባው ተኝቶ ጣሪያውን ያያል። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች እግር ወደማይዞርበት አቅጣጫ ዞሯል። እኔ ዓይኔን ከዚያ አሽሽቼ የእግሩን መርገጫ ያዝኩት። ገርጥቷል፤ እንደ ማለዳ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ቀኙን ብነካው ሞቃት ነው። ያን ጊዜ ነው የደነገጥኩት።

ወጣቱ ሐኪም ወደ ኮሪደሩ ጠራኝ። የተነሣውን ራጅ በኮምፒውተሩ አሳየኝና «አጥንቱ ተሰብሮ ወደ ኋላ ሄዷል፤ የደም ሥሩን ተጭኖታል» አለኝ። «ደም ካልወረደለት እግሩ ይሞታል። ጎትቼ መመለስ አለብኝ። በተሳሳተ አቅጣጫ ከጎተትኩት ግን ሥሩን ልበጥሰው እችላለሁ። ጎንደር አንዲት የአጥንት ሐኪም አለች፤ እንዲህ ያለውን ብዙ ሠርታለች። ራጁን ካየችው በስልክ ትመራኛለች።»

«በመኪና ብንወስደውስ?»

«እግሩ እስከዚያ አይጠብቀንም።»

«ካልሆነ ይቆረጣል ማለት ነው?»

ዓይኑን ወደ ራጁ መለሰ። ገባኝ። በቅሎ ጫኝ ያለ እግር ምን እንደሚሆን ለእኔ የሚነግረኝ ሰው አያስፈልግም ነበር።

በዚያ ሰሞን የስልክ ዳታ በእኛ በኩል አይሠራም፤ ድምፅ ብቻ ነበር የሚያልፈው። ሆስፒታሉ ግን እስከ ጎንደር የሚደርስ የራሱ መስመር አለው። እኔው ራሴ የምጠብቀው መስመር ነው። ሐኪሙ «ሥዕሉን ከመላኬ በፊት ፈቃዳቸውን ልጠይቅ» ብሎ ወደ አባቴ ገባ፤ እኔም ተከተልኩት።

«አባባ፣ ራጅዎን ጎንደር ልልከው ነው። እሺ ይሉኛል?»

«በየት በኩል ነው የሚሄድ?» አለ አባቴ።

ሐኪሙ ወደ እኔ ዞረ። እኔም ሳላስብ «በዳባት በኩል ነዋ» አልኩ።

«አይሆንም!»

«አባዬ!»

«አይሆንም አልኩ! ዳባት ያለፈ ነገር ተደብቆ ያውቃል? አንዲት ቋጠሮ ለማሳለፍ እንኳ የማን ናት፣ ለማን ናት፣ ምን አለባት ሳይሉ መች ይለቁሻል? እናትሽ እዚያ ናት። በክርስትናው ድግስ መሀል፣ ከወንድሞቿ አፍ፣ ‹ባልሽ ያልነው አልቀረም› ሲሏት ትስማልኝ? ቆርጣችሁ ጣሉት እንጂ በዳባት አትስደዱኝ።»

ንዴቴ ጫፍ ላይ ደረሰ። እግሩ እየሞተ ሰውዬው ስለ አማቾቹ ያስባል! ልጮህበት አፌን ከፈትኩና ፊቱን አየሁት። ኩራት አልነበረበትም። የፈራው ለእናቴ ነው። ሐኪሙ ደግሞ እምቢ ያለን ሰው የገላ ሥዕል አልልክም የሚል ዓይነት ነበር፤ ደግ አደረገ። ስለዚህ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩና ዕድሜዬን ሙሉ ለማንም አስረድቼ ያልሰለቸኝን ነገር፣ ሰምቶኝ ለማያውቀው ለአባቴ ማስረዳት ጀመርኩ።

«ስማኝ አባዬ። ሥዕልህ ከዚህ ሲነሣ ይቆራረሳል። አድራሻውን የሚያነበው እዚህ ደባርቅ ያለው መሣሪያ ነው፤ እሱም አንድ ጊዜ ብቻ። ከላዩ ቁጥር ያደርግበትና ለዳባት ይሰጠዋል። ዳባት አድራሻውን አያነብም፤ ቁጥሯን ብቻ ነው የሚያይ። የእኛን ቁጥር አንሥቶ በቦታዋ ሌላ ያደርግና ለአምባ ጊዮርጊስ ያቀብለዋል።»

«ለምን ይቀይራታል?»

ጥያቄው ደስ አለኝ። «ቁጥሯን የሚያውቋት ሁለት ጎረቤቶች ብቻ ናቸው። ቁጥር የሚያወጣው ደግሞ ወደ መድረሻው የቀረበው ነው። አምባ ጊዮርጊስ ለዳባት ‹ጎንደር የሚሄድ ካለህ ይችን ቁጥር አድርገህ ስጠኝ› ይለዋል። ዳባት ደግሞ ለደባርቅ የራሱን ቁጥር ይነግረዋል። መንገዱ ከጎንደር ወደ እኛ እየተነጋገረ ነው የሚመጣ፤ ዕቃው ሳይነሣ አስቀድሞ ያለቀ ነገር ነው።»

«ታዲያ ቁጥሯ የኔ ናት?»

«የመንገዱ ናት እንጂ ያንተ አይደለችም። በዚያ መንገድ ጎንደር የሚሄድ ሁሉ፣ የባንኩም ይሁን የወረዳው፣ ያችኑ ቁጥር አድርጎ ያልፋል።»

«ከሆስፒታል መውጣቴንስ አያውቅም?»

«አያውቅም። መለያው ሁለት ነው፤ አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ። የላይኛው የመንገዱ ነው። የታችኛው የቤቱ ነው፤ ጎንደር ሲደርስ ‹ይህ የሆስፒታሉ ነው› የሚያሰኘው እሱ ነው። ዳባት የሚነካው የላይኛውን ብቻ ነው። አምባ ጊዮርጊስ የላይኛውን ጨርሶ አንሥቶ ለጎንደር ይሰጣል፤ የታችኛውን የሚያነበው ጎንደር ነው።»

አባቴ ዓይኑን ጨፈነ። ሕመሙ የበረታበት መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን እያሰበ ኖሯል።

«ዳባት ያለው ቢፈልግ ይከፍተዋል?»

መዋሸት እችል ነበር። «ማየት ቢፈልግ ውስጡን ማየት ይችላል» አልኩት። «ግን አያስፈልገውም። ሥራው ያለ እሱ ይሠራል። ደግሞም እኛ ከዚህ ቆልፈን ነው የምንልከው፤ ቁልፉ ያለው ጎንደር ነው።»

ስለ ቁልፉ ደንታም አልሰጠው። «ማየት እየቻለ የማያይ!» አለ፤ ዓይኑን ገለጠ። «ኧረ ወዲያ! ሠላሳ ዘመን ዳባት ተመላለስኩ፣ እንዲህ ያለ ሰው አንድ አልገጠመኝም።» ወደ ሐኪሙ ዞረና «በል ልጄ፣ ስደደው» አለ።

ሐኪሙ ላከ። ሥዕሉ ትንሽ ሄደና ቆመ።

እንደገና ላከ። እንደገና ቆመ። ጎንደር ያለችው ሐኪም በስልክ «የፋይሉ ስም መጥቷል፣ ሥዕሉ የለም» አለች። ሐኪሙ ወደ እኔ ሲያይ የሚለውን አውቀዋለሁ። «ኔትወርክ የለም» ቢል ኖሮ ምን እንዳደርገው አላውቅም። እሱ ግን ጨዋ ነው፤ ወንበሩን ለቀቀልኝ።

ላፕቶፔን ከፍቼ ወደ ጎንደር ትንሽ የሙከራ ፓኬት ላክሁ። ሄዶ መልሱን ይዞ መጣ። ሌላ ላክሁ፤ መጣ። መስመሩ ደኅና ነው። አጭር ጽሑፍ ብልክም ያልፋል። ሥዕሉ ሲሆን ይቆማል። እንዲህ ያለ ነገር ሰውን ያሳብዳል፤ የሞተ መስመር ሞቷል ብለህ ትቆርጣለህ፣ እየኖረ የሚከዳህን ግን ምን ትለዋለህ? ከግድግዳው ወዲያ አባቴ ሲያቃስት ይሰማኛል። በሕመም ጮሆ የማያውቅ ሰው ነው።

ትንሹ ያልፋል፤ ትልቁ ይቀራል። ይህን ለራሴ ጮክ ብዬ ተናገርኩት። ተናግሬ ሳልጨርስ በቅሎዋ ጠባቡ ማለፊያ ላይ ስትቆም ታየችኝ።

መለያም ክብደት አለው። ከአንድ ፓኬት አንጻር ኢምንት ነው፤ እያንዳንዱ አራት ባይት ነው፣ የአራት ላቲን ፊደል ያህል። ሁለቱ ሲደረቡ ስምንት። ሥዕል ሲላክ ኮምፒውተሩ ፓኬቶቹን እስከ ልካቸው ሞልቶ ይጭናቸዋል፤ መለያው የሚጨመረው ከዚያ በኋላ፣ መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ በመንገዱ ላይ ያለ የራውተር በር ሁሉ ከሙሉ ፓኬት ጥቂት ሰፋ ማለት አለበት። በመብረቅ ተመትቶ የነበረው የዳባቱ መሣሪያ ደግሞ ገና በዋዜማው ነበር በአዲስ የተተካው። አዲሱ በአምባ ጊዮርጊስ በኩል ያለው በሩ ከፋብሪካ እንደወጣ ከሆነ፣ ሙሉ ፓኬት ያሳልፋል፤ መለያ የተደረበበትን ሙሉ ፓኬት ግን ይጥላል። ትንሹ የሙከራ ፓኬቴ መለያ ቢጨመርበትም ገና ጎደሎ ነው፤ እሱማ ያልፋል።

ለማረጋገጥ ሙሉውን ላክሁ። ጠፋ። ስምንት ባይት ቀንሼ ላክሁ። መልሱ መጣ። አንድ ባይት ብቻ መልሼ ጨመርኩ። ጠፋ።

ሳቅሁ። አባቷ በሚያቃስትበት ቤት የምትስቅ ሴት ምን ትባላለች? ሐኪሙ ምን እንዳሰበ እንጃ። እኔ ግን ያ ቁጥር እንዲህ ጥርት ብሎ ሲወጣ ፍርሃቴ ሁሉ ለቀቀኝ። መስመሩ አልከዳኝም፤ ቃል በቃል የታዘዘውን እየፈጸመ ነበር። በሰው ሥራ ውስጥ እንዲህ ያለ ታማኝነት አይቼ አላውቅም።

የዳባቱን በር ለማስፋት ሌሎች ሰዎችን ማነጋገር ይጠይቃል፤ ጊዜ የለም። ጭነቱን ማጉደል ግን በእኔ እጅ ነው። እዚሁ ሆስፒታሉ ውስጥ ያለውን ራውተር፣ ከዚህ የሚነሣው ፓኬት ሁሉ ለመለያዎቹ ቦታ ትቶ አነስ ብሎ እንዲቆረጥ አዘዝኩት። አንድ መስመር ትእዛዝ ነው። ጽፌ ስጨርስ ደግሜ አነበብኩት፤ ከዚያ ወደ ሐኪሙ ዞሬ «ላክ» አልኩት።

ሥዕሉ ሄደ። የኮምፒውተሩ አመልካች ሳይቆም እስከ ጫፍ ሲሞላ አየሁት። ዳባትን አለፈ፤ ማንም አልከፈተውም፣ ማንም የማን ነህ አላለውም። አምባ ጊዮርጊስ የላይኛውን መለያ አነሣ። ጎንደር የታችኛውን አንብቦ ለባለቤቱ ሰጠ። ይህ ሁሉ አንዲት ትንፋሽ ሳስገባና ሳስወጣ ያለቀ ነው፤ እኔ ግን ቁራጮቹ ሲያልፉ አንድ በአንድ የማያቸው ያህል ተሰምቶኛል።

«መጣልኝ» አለች ሐኪሟ በስልክ። «አሁን ገባኝ» አለች ሥዕሉን አይታ ስትጨርስ። «ወደ ላይ እንዳትጎትት። መጀመሪያ ጉልበቱን አጠፍ አድርግ፣ ቀጥሎ ወደ ፊት። ሰው አለህ?»

ያለነው እኔና አንድ ነርስ ነን። ነርሱ ጭኑን ከላይ ያዘው። ስልኩ ድምፁ ከፍ ተደርጎ ትራሱ አጠገብ ተቀመጠ። ሐኪሙ ማደንዘዣውን ወጋውና እኔን «አንቺ መርገጫውን ያዥ፤ እንዳትለቂ» አለኝ። ሁለት እጄን አጋጥሜ ያን የቀዘቀዘ እግር ያዝኩት። ሲኦል ውስጥ ብሆንም ያን ያህል አልፈራም ነበር። ይህ እግር ነው ተራራውን ሲወጣና ሲወርድ እኔን ያስተማረኝ፤ ላፕቶፔም፣ ሙያዬም፣ እዚያ ክፍል መቆሜም ከእሱ ነው የመጣ።

«አጠፍ» አለች ስልኩ ውስጥ። «ተጨማሪ። አሁን ወደ ፊት፣ ቀስ ብለህ። አትቸኩል። ቀጥል።»

አባቴ ጮኸ። ማደንዘዣው ሁሉን አልያዘለትም። ውስጥ አንድ ነገር ሲላወስ በእጄ ተሰማኝ፤ ልለቅ ነበር፣ አልለቀቅሁም። ሐኪሙ ግንባሩ በላብ ተጠምቆ ቆመ።

«እግሩን የያዘው ማን ነው?» አለች ሐኪሟ።

«ልጁ ነኝ።»

«ንገሪኛ፣ ምን ይሰማሻል?»

ምንም አልተሰማኝም። እንደ ቀድሞው ቀዝቃዛ ነው። «ቆዪ» አልኳት። አባቴ አንገቱን ቀና አድርጎ የእኔን ፊት ያያል፤ እግሩን አያይም፣ የእኔን ፊት ብቻ። ጣቶቼን ቀየር አድርጌ መልሼ ጨበጥኩ። በመጀመሪያ የራሴ እጅ ሙቀት መሰለኝ። ከዚያ ከተረከዙ በኩል መጣ፤ ቀስ እያለ፣ ወደ ውስጥ እግሩ፣ ወደ አውራ ጣቱ።

«ሞቀ» አልኩ።

ስልኩ ውስጥ «አልሰማሁሽም፣ ድገሚልኝ» አለች።

«ሞቀ!» ብዬ ጮህኩ።